የወግ አጥባቂ ሴናተርን የሕግ አውጪነት መዝገብ ከሰነዱ እንዴት እንደሚያነቡ

ብዙዎቻችን ስለ ፕሬዚዳንቱና ስለ ኮንግረስ ሌት ተቀን እንሰማለን፤ ስለ ክፍለ ግዛታችን ሴናተር ግን የሚደርሰን በምርጫ ሰሞን ፖስታ ሳጥን ውስጥ የሚገባው ባለቀለም ወረቀት ነው። ደጋፊዎቹ በላኩት ወረቀት ላይ «ጽኑ ወግ አጥባቂ» የሚለው መጠሪያ እንደ ምስጋና ይጻፋል፤ ተቃዋሚዎቹ በላኩት ላይ ያው መጠሪያ እንደ ክስ ይቀርባል። ሰውዬው ምን እንደ ሠራ ግን ሁለቱም አይናገሩም። የቤታችን የንብረት ግብር፣ የልጆቻችን ትምህርት ቤት በጀት፣ ፖሊስ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ጋር የሚኖረው ግንኙነት፣ ድምፅ የምንሰጥበት ሰዓት ሳይቀር በአብዛኛው የሚወሰነው በዋሽንግተን ሳይሆን በክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ስለሆነ፣ ይህን ሰው በመጠሪያው ብቻ ማወቅ አይበቃም።

ከዚህ በታች የቀረበው መመሪያ የአንድን ወግ አጥባቂ ሴናተር የሕግ አውጪነት መዝገብ ከዋናው ሰነድ እንዴት ማንበብ እንደሚቻል ያሳያል። የተጻፈው ለደጋፊውም ለተቃዋሚውም ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከቴክሳስ የተወሰዱ ናቸው፤ ምክንያቱም ሴኔቱ በወግ አጥባቂዎች እጅ ከገባ ረጅም ዘመን ሆኖታል፣ ሰነዶቹም ለማንም ክፍት ናቸው፣ በዳላስና በሂዩስተን አካባቢ የሚኖረው ወገናችንም ብዙ ነው። ዓመታቱም ወራቱም ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ሴናተርዎ ማን እንደሆነ በትክክል ይለዩ። ዋሽንግተን የሚቀመጡት የፌዴራል ሴናተሮች ለእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ሁለት ናቸው፤ የቴክሳስ ሴኔት ግን ኦስቲን የሚቀመጡ 31 የራሱ ሴናተሮች አሉት፣ አጠገቡም 150 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት አለ። በቴክሳስ የሕግ አውጪው ድረ ገጽ ላይ የመኖሪያ አድራሻዎን ሲያስገቡ የምርጫ ወረዳዎ ቁጥርና የሴናተሩ ስም ይወጣል። በሌላ ክፍለ ግዛት የሚኖሩ ከሆነ አደረጃጀቱ ይለያያል፤ ቨርጂኒያ 40፣ ጆርጂያ 56፣ ሚኒሶታ 67 ሴናተሮች ሲኖሯቸው፣ ነብራስካ ደግሞ ከ1937 ጀምሮ አንድ ምክር ቤት ብቻ ያላትና በምርጫ ወረቀት ላይ የፓርቲ ስም የማትጽፍ ብቸኛ ክፍለ ግዛት ናት።

ስለ አሠራሩም ጥቂት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። የቴክሳስ መደበኛ ጉባኤ የሚካሄደው ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት፣ ከጥር ሁለተኛ ማክሰኞ ጀምሮ ለ140 ቀናት ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ አገረ ገዥው ልዩ ጉባኤ ሊጠራ ይችላል፤ እያንዳንዱ ልዩ ጉባኤ ከ30 ቀን አይበልጥም፣ የሚነጋገርበትንም ርዕስ የሚወስነው አገረ ገዥው ነው። የሴኔቱ ሰብሳቢ ምክትል አገረ ገዥው ሲሆን (ከ2015 ጀምሮ ዳን ፓትሪክ ናቸው) ረቂቆችን ወደ ኮሚቴ የሚመራውም፣ የኮሚቴ ሰብሳቢዎችን የሚሾመውም እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ሴናተር ምን እንዳሳለፈ ሲጠይቁ ሰብሳቢው ምን እንዲያልፍ እንደ ፈቀደም አብረው እየጠየቁ መሆኑን አይርሱ።

ቁጥሩን ብቻ ይዘው አይፈልጉ

ጀማሪ አንባቢ ቶሎ የሚሳሳተው በረቂቅ ሕግ ቁጥር ነው። ከሴኔት የሚነሳ ረቂቅ ኤስቢ፣ ከተወካዮች ምክር ቤት የሚነሳው ኤችቢ ተብሎ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ ግን በየጉባኤው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ለምሳሌ በ2017 የወጣው ኤስቢ 4 የከተማና የካውንቲ ባለሥልጣናት ከፌዴራል ኢሚግሬሽን ጋር እንዲተባበሩ የሚያስገድድ ሕግ ነው። በ2023 በአራተኛው ልዩ ጉባኤ የወጣው ኤስቢ 4 ደግሞ ከውጭ አገር በሕገ ወጥ መንገድ ወደ ቴክሳስ መግባትን የክፍለ ግዛት ወንጀል ያደረገ ሌላ ሕግ ነው። የሁለቱም አመንጪ አንድ ሰው፣ የላቦኩ ሪፐብሊካን ሴናተር ቻርልስ ፔሪ ናቸው። በ2025 ኤስቢ 4 ሲባል ግን ነገሩ ከኢሚግሬሽን ጋር ጨርሶ አይገናኝም፤ የሴናተር ፖል ቤተንኮርት ረቂቅ ሲሆን ስለ መኖሪያ ቤት ግብር ነው። አንዳንዴም ቁጥሩ በዚያው ዓመት ይደገማል፤ በ2021 በመደበኛው ጉባኤ ኤስቢ 1 የበጀት ሕግ ነበር፣ በሁለተኛው ልዩ ጉባኤ ግን ኤስቢ 1 ብዙ ክርክር ያስነሳው የምርጫ ሕግ ነበር።

ስለዚህ በድረ ገጹ ላይ ሲፈልጉ አስቀድመው የጉባኤውን ተራ ቁጥር ይምረጡ፤ የ2023ቱ 88ኛው፣ የ2025ቱ 89ኛው ሕግ አውጪ ነው። ከዚያ መደበኛ ይሁን ልዩ ጉባኤ ይለዩ። «ሴናተሩ ለኤስቢ 4 ድምፅ ሰጥቷል» የሚል መልእክት በስልክዎ ሲደርስዎ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «የየትኛው ጉባኤ?» መሆን አለበት።

ቁጥሩ ራሱ የሚነግርዎት ነገርም አለ። በሴኔቱ ልማድ ዝቅተኛ ቁጥሮች ለምክትል አገረ ገዥው ቅድሚያ ጉዳዮች ይያዛሉ፤ ዝቅተኛ ቁጥር ያለው ረቂቅ በስሙ የቀረበለት ሴናተር ከአመራሩ ጋር ቅርበት አለው ማለት ነው።

በስሙ የቀረበውን ከተባበረበት መለየት

የሴናተሩን ገጽ ሲከፍቱ ያመነጫቸው፣ በጋራ ያመነጫቸውና ስፖንሰር የሆነባቸው ረቂቆች ለየብቻ ተዘርዝረው ያገኛሉ። በቴክሳስ አነጋገር አመንጪ የሚባለው ረቂቁን በራሱ ምክር ቤት ያቀረበው ሰው ነው፤ ረቂቁ ወደ ሌላው ምክር ቤት ሲሻገር እዚያ ተረክቦ የሚያስፈጽመው ደግሞ ስፖንሰር ይባላል። አንድ ሴናተር ከተወካዮች ምክር ቤት የመጣ አስቸጋሪ ረቂቅ ተረክቦ ማሻሻያዎችን ተከላክሎ ካሳለፈ፣ ስሙ በአመንጪነት ባይጻፍም ትልቅ ሥራ ሠርቷል። በጋራ አመንጪነት መፈረም ግን ብዙ ድካም አይጠይቅም፤ ድጋፍን ከመግለጽ ያለፈ ትርጉም ላይኖረው ይችላል።

የረቂቆቹን ብዛት ቆጥሮ ሴናተሩን ታታሪ ወይም ሰነፍ ማለት አያስኬድም። ከዝርዝሩ ውስጥ ብዙው የምስጋናና የመታሰቢያ ውሳኔ፣ የአንድ ከተማ የውኃ አስተዳደር ወረዳ ጉዳይ፣ ወይም ማንም የማይቃወማቸው ረቂቆች በአንድነት የሚታለፉበት የአካባቢ ጉዳዮች ዝርዝር ሊሆን ይችላል። እነዚህን በአክብሮት ወደ ጎን ያድርጓቸውና ክርክር የነበረባቸውን አምስት ወይም ስድስት ረቂቆች ይምረጡ።

ጽሑፉ ሲለዋወጥ መከታተል

በእኔ እምነት ከመዝገቡ ሁሉ በላይ ሴናተሩን የሚያሳውቀን ረቂቁ ሲቀርብ ምን ይል እንደ ነበርና ሲጸድቅ ምን እንደሚል ጎን ለጎን ማንበብ ነው። በድረ ገጹ ላይ «ጽሑፍ» የሚለውን ክፍል ሲከፍቱ አራት ያህል ቅጂዎች ይጠብቁዎታል፤ መጀመሪያ የቀረበው፣ ከኮሚቴ የወጣው፣ ከመነሻው ምክር ቤት የተላለፈው፣ በመጨረሻም ሁለቱም ምክር ቤቶች ተስማምተው ለአገረ ገዥው የላኩት።

አንድ ምሳሌ በቅርበት እንይ። በ2023 የብረናሙ ሪፐብሊካን ሴናተር ሎይስ ኮልኮርስት ኤስቢ 147ን አቀረቡ። መጀመሪያ የቀረበው ጽሑፍ የቻይና፣ የኢራን፣ የሰሜን ኮሪያና የሩሲያ ዜጋ የሆነ ግለሰብ በቴክሳስ መሬት እንዳይገዛ ይከለክል ነበር። «ዜጋ የሆነ ግለሰብ» የሚለው አገላለጽ ሲፈተሽ ግሪን ካርድ ይዞ ለዓመታት የኖረውን ሰው ጭምር ይነካ ነበር። በሂዩስተንና በዳላስ ያሉ የቻይና ተወላጆች ወጥተው ተቃወሙ፣ በኮሚቴ ፊትም ቀርበው መሰከሩ። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ተለወጠ፤ የአሜሪካ ዜጎችና ሕጋዊ ቋሚ ነዋሪዎች ከክልከላው እንዲወጡ ተደረገ። ሴኔቱ አሳለፈው፣ በተወካዮች ምክር ቤት ግን ቀረ። በ2025 እኚሁ ሴናተር ጉዳዩን በኤስቢ 17 እንደገና አምጥተው ሕግ ሆነ፤ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች አሁንም ከክልከላው ውጭ ናቸው። ይሁን እንጂ በተወካዮች ምክር ቤት በተጨመረ ማሻሻያ አገረ ገዥው በዝርዝሩ ላይ ሌሎች አገሮችን እንዲጨምሩ ሥልጣን ተሰጣቸው።

ይህን ታሪክ በርዕሱ ብቻ ያነበበ ሰው ወይ «የውጭ ዜጎችን መሬት የከለከለች ሴናተር» ይላል ወይም «አገርን ከጠላት የጠበቀች ሴናተር» ይላል። ቅጂዎቹን ያነበበ ሰው ግን ሦስት ነገር ያውቃል፤ የመጀመሪያው ጽሑፍ ምን ያህል ሰፊ እንደ ነበር፣ ሴናተሯ በተቃውሞ ምክንያት ምን እንደ ለወጡና ምን እንዳልለወጡ፣ እንዲሁም ከሌላው ምክር ቤት የመጣውን የአገረ ገዥ ሥልጣን ተቀብለው እንዳሳለፉት። ሦስተኛው ነጥብ በተለይ ከሌላ አገር መጥቶ በዚህ አገር ቤት ለመግዛት ለሚያስብ ማንኛውም ሰው ማንበብ የሚገባው ነው፤ በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ግን ፈልገው አያገኙትም።

ቅጂዎቹን ሲያነቡ ርዕስና መግቢያውን አልፈው በቀጥታ ወደ ትርጓሜ ክፍሉ ይሂዱ። ሕጉ ማንን እንደሚነካ የሚወሰነው «ግለሰብ»፣ «ነዋሪ»፣ «ንብረት» የሚሉት ቃላት በሚተረጎሙበት በዚያ ክፍል ነው። ቀጥሎ ቅጣቱን ይመልከቱ፤ ሕጉን የሚያስፈጽመው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ነው፣ ፖሊስ ነው ወይስ ማንኛውም ሰው በፍትሐ ብሔር መክሰስ ይችላል? በ2021 የሴናተር ብራያን ሂውዝ ኤስቢ 8፣ የፅንስ የልብ ምት ከታወቀ በኋላ ውርጃን የከለከለው ሕግ፣ ለክርክር የተዳረገው በክልከላው ብቻ አልነበረም፤ አፈጻጸሙን ከባለሥልጣናት ወስዶ ለግለሰቦች ክስ የሰጠ፣ ለሚያሸንፍ ከሳሽም ቢያንስ 10,000 ዶላር የሚያስገኝ በመሆኑም ጭምር ነው። ይህ በጋዜጣ ርዕስ ላይ በአንድ መስመር የሚታለፍ ሲሆን በሕጉ ጽሑፍ ውስጥ ግን ዋናው ነገር ነው። መጨረሻ ላይ የሚጸናበትን ቀን ያስተውሉ፤ ብዙዎቹ የቴክሳስ ሕጎች መስከረም 1 ቀን ሥራ ላይ ይውላሉ።

ድምፁን ከነምክንያቱ ማንበብ

የቴክሳስ መራጮች በ2007 ባጸደቁት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሠረት፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ አንድ ረቂቅ በመጨረሻ ሲጸድቅ የእያንዳንዱ አባል ድምፅ በስም መመዝገብ አለበት። ድምፁ የሚገኘው በሴኔቱ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ነው። ነገር ግን ለአንድ ረቂቅ አንድ ድምፅ ብቻ ያለ የሚመስለው ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። መጀመሪያ ረቂቁ ከተራው ወጥቶ እንዲቀርብ ድምፅ ይሰጣል፤ ከዚያ ረቂቅ ሕግ በሦስት የተለያዩ ቀናት ይነበብ የሚለው የሕገ መንግሥት ድንጋጌ እንዲታለፍ አራት አምስተኛ ድምፅ ይጠየቃል፤ በመጨረሻ ረቂቁ ራሱ ይጸድቃል። አንዳንድ ወግ አጥባቂ ሴናተሮች ረቂቁን እየደገፉ፣ አስቸኳይ ጉዳይ ከሌለ የሦስቱ ቀን ደንብ መታለፍ የለበትም በማለት በመካከለኛው ድምፅ ላይ «አይሆንም» ይላሉ፣ ምክንያታቸውንም በጽሑፍ ያስመዘግባሉ። ያንን አንድ መስመር ቆርጦ «ሴናተሩ ይህን ረቂቅ ተቃወመ» ብሎ ማሠራጨት ሐሰት ነው፤ ሲሠራጭም ይታያል።

ከተራ ወጥቶ መቅረብ የሚለው የመጀመሪያው ድምፅ ራሱ የቻለ ታሪክ አለው። እስከ 2015 ድረስ ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 21 ሴናተር ካልተስማማ ረቂቅ አይነሳም ነበር። በ2015 ወደ ሦስት አምስተኛ ወይም 19 ወረደ፤ በ2021 ደግሞ የሪፐብሊካኖቹ ቁጥር ወደ 18 ሲቀንስ ደንቡ ወደ አምስት ዘጠነኛ ወይም 18 ዝቅ ተደረገ። ሴናተርዎ ከ2015 በፊት ጀምሮ ያለ ከሆነ የቀድሞ ድምፆቹን ሲያነቡ ይህን ያስታውሱ፤ በዚያን ዘመን አንድ ወግ አጥባቂ ረቂቅ ያልተነሳው ሴናተሩ ስለ ለገመ ሳይሆን ዴሞክራቶች ሊያግዱት ስለሚችሉ ሊሆን ይችላል። ከ2021 ወዲህ ግን ሪፐብሊካኖቹ አንድ ከሆኑ የሌላ ፓርቲ ድምፅ ሳያስፈልጋቸው ማንኛውንም ተራ ረቂቅ ማንሳት ይችላሉ፤ ያልተነሳውም ራሳቸው ስላልፈለጉት ነው።

የድምፅ ቆጠራን ከፓርቲ ቁጥር ጋር ማነጻጸር ብዙ ያሳያል። በ2023 ሴኔቱ 19 ሪፐብሊካንና 12 ዴሞክራት ነበረው። በዚያ ዓመት የመንግሥት ገንዘብ ለግል ትምህርት ቤት ክፍያ እንዲውል የሚያደርገው የሴናተር ብራንደን ክሬይተን ረቂቅ በ18 ለ13 አለፈ፤ አንድ ሪፐብሊካን ወደ ተቃውሞው ጎራ ሄዷል ማለት ነው። እሳቸውም የምሥራቅ ቴክሳሱ ሮበርት ኒኮልስ ናቸው። በ2025 ሪፐብሊካኖቹ 20 ሆኑ፣ ተመሳሳዩ ጉዳይ በኤስቢ 2 ሲቀርብ 19 ለ12 ወጣ፤ ተቃዋሚው ሪፐብሊካን አሁንም ኒኮልስ ነበሩ። ሁለት ጉባኤ ላይ በአንድ አቋም የጸና ድምፅ ከአጋጣሚ የተለየ ነው። እኚህ ሰው በሌሎች ጉዳዮች ከፓርቲያቸው ጋር የሚሰለፉ ወግ አጥባቂ ስለሆኑ፣ ልዩነታቸውን በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ ለይቶ ማየት ይገባል።

ከሁሉም በላይ አስተማሪ የምለው ግን የግራንበሪው ሴናተር ብራያን በርድዌል በ2023 በኤስቢ 4 ላይ የሰጡት ድምፅ ነው። ሕገ ወጥ ድንበር ማቋረጥን የክፍለ ግዛት ወንጀል የሚያደርገው ይህ ረቂቅ በ17 ለ11 ሲያልፍ ከሪፐብሊካኖቹ «አይሆንም» ያሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ድምፁን ብቻ ያየ ሰው በርድዌል በኢሚግሬሽን ጉዳይ ለዘብተኛ ናቸው ብሎ ሊደመድም ይችላል። በምክር ቤቱ ያቀረቡት ምክንያት ግን ሌላ ነበር፤ ድንበርን የማስከበር ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ ለፌዴራል መንግሥት የተሰጠ ስለሆነ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ኃላፊነቱን ባይወጣ እንኳ ክፍለ ግዛቱ ሥልጣኑን መውሰድ የለበትም የሚል ነው። ይህንን ከቀድሞ ሥራቸው ጋር ያገናኙት፦ በ2017 የፌዴራሉን ሥልጣን የሚገድቡ የሕገ መንግሥት ማሻሻያዎችን የሚያቀርብ የክፍለ ግዛቶች ጉባኤ እንዲጠራ የሚጠይቀውን ውሳኔ ያመነጩት እኚሁ ሴናተር ናቸው። የፌዴራሉ ሥልጣን ይጥበብ የሚሉት ሰው፣ ሥልጣኑ የሚጠበው በሕገ መንግሥቱ በተቀመጠው መንገድ ብቻ ነው ብለው ያምናሉ። ሁለቱን ሰነዶች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ አንባቢ የሚያገኘው ወጥ የሆነ ወግ አጥባቂነት ነው፤ ከፔሪ ወግ አጥባቂነት ግን የተለየ ነው። በአንድ ፓርቲ፣ በአንድ መጠሪያ ሥር ያሉ ሁለት ሰዎች በአንድ ረቂቅ ላይ በተቃራኒ የቆሙት ሁለቱም እምነታቸውን ይዘው ነው።

ስለዚህ ያልተጠበቀ ድምፅ ሲያገኙ በዚያው ቀን ቃለ ጉባኤ ውስጥ የድምፅ ምክንያት የሚል ጽሑፍ መኖሩን ይፈትሹ፤ ከሌለም የውይይቱን ቪዲዮ ከሴኔቱ ድረ ገጽ ይክፈቱ። ምርጫው መቼ እንደ ነበረም ያመሳክሩ። የቴክሳስ ሴናተሮች የሥራ ዘመን አራት ዓመት ቢሆንም የምርጫ ወረዳዎች በአዲስ ሲካለሉ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወዳደሩና ማን ሁለት፣ ማን አራት ዓመት እንደሚያገለግል ዕጣ ይጣላል፤ የመጨረሻው ዕጣ የወጣው በጥር 2023 ነው። በወግ አጥባቂ ወረዳ ብርቱው ውድድር የፓርቲው የውስጥ ምርጫ ስለሆነ፣ ከመጋቢቱ የውስጥ ምርጫ በፊት ባለው ጉባኤ የተሰጠ ድምፅና ከዚያ በኋላ የተሰጠ ድምፅ አንድ ዓይነት ጫና የለባቸውም።

በኮሚቴ የቀረውን መፈለግ

አብዛኛው ረቂቅ የሚሞተው ድምፅ ሳይሰጥበት ነው። በቴክሳስ የኮሚቴ ሰብሳቢ አንድን ረቂቅ ለውይይት ካልጠራው ረቂቁ ያለ ድምፅ፣ ያለ ክርክር ይቀራል፤ ጉባኤው ሲዘጋም አብሮ ያበቃል። በጆርጂያ ወይም በቨርጂኒያ ግን በሁለት ዓመት ዑደት ውስጥ ወደ ቀጣዩ ጉባኤ ሊተላለፍ ይችላል። ኮሎራዶ ደግሞ መራጮቿ በ1988 ባጸደቁት ማሻሻያ እያንዳንዱ ረቂቅ በኮሚቴ እንዲሰማና ድምፅ እንዲሰጥበት ስላስገደደች፣ እዚያ ዝምታ መሸሸጊያ አይሆንም። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ረቂቅ «ላልተወሰነ ጊዜ ታለፈ» ተብሎ ከተመዘገበ ተገደለ ማለት ነው።

ሴናተርዎ የኮሚቴ ሰብሳቢ ከሆነ ወደ ኮሚቴው የተመሩትን ረቂቆች ዝርዝር አውጥተው ያልተሰሙትን ይለዩ። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፣ ጋዜጠኞችም ሁልጊዜ አይሠሩትም፤ ሰብሳቢነትን የሚያህል ሥልጣን የሚገለጠው ግን በዚያ ዝርዝር ነው። በተሰሙት ላይ ደግሞ የምስክሮችን ዝርዝር ይክፈቱ። በቴክሳስ ለመመስከር የሚመጣ ሰው ስሙን፣ የወከለውን ድርጅት፣ ደጋፊ፣ ተቃዋሚ ወይም ገለልተኛ መሆኑን ያስመዘግባል፤ ሳይናገር አቋሙን ብቻ ያስመዘገበም ይጻፋል። ሕጉን ማን እንደ ፈለገው ከዚህ ዝርዝር በግልጽ ይነበባል።

ገንዘቡ የሚሄድበትን ማየት

ለአንድ ወግ አጥባቂ ሴናተር ግብር መቀነስና የመንግሥት ወጪን መግታት ዋና ቃል ኪዳን ስለሆነ፣ በዚህ መመዘን ራሱ በመረጠው ሚዛን መመዘን ነው። ከእያንዳንዱ ረቂቅ ጋር የሕግ አውጪው የበጀት ቦርድ የሚያዘጋጀው የወጪ ማስታወሻ አለ። ማስታወሻው ክፍለ ግዛቱ ላይ የጎላ ወጪ አይጠበቅም የሚል ከሆነ እዚያ አያቁሙ፤ ወደ ታች ወርደው በአካባቢ መስተዳድር ላይ የሚያስከትለውን ያንብቡ። የእስር ቤትና የፍርድ ቤት ወጪ የሚጨምር ሕግ ሸክሙ የሚያርፈው ካውንቲው ላይ ነው፤ ካውንቲው ደግሞ የሚኖረው በንብረት ግብር ነው።

የመኖሪያ ቤት ግብርን እንደ ምሳሌ ይውሰዱ። ለትምህርት ቤት ከሚከፈለው የንብረት ግብር ነፃ የሚሆነው የመኖሪያ ቤት ዋጋ በ2023 ከ40,000 ወደ 100,000 ዶላር፣ በ2025 ደግሞ ወደ 140,000 ዶላር ከፍ ብሏል። 350,000 ዶላር የተገመተ ቤት ያለው ሰው ቀድሞ በ250,000 ላይ ይከፍል የነበረው አሁን በ210,000 ላይ ይከፍላል። ይህ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ስለሚጠይቅ በሴኔቱ 21 ድምፅ፣ ከዚያም የመራጩ ሕዝብ ይሁንታ ያስፈልገዋል፤ ሪፐብሊካኖቹ 20 ብቻ በነበሩበት ሴኔት ያለ ዴሞክራቶች ድጋፍ አያልፍም ነበር። እንግዲህ ወግ አጥባቂው ሴናተር «ግብር ቀነስኩ» ሲል እውነቱን ነው፤ ብቻውን እንዳልቀነሰ፣ ትምህርት ቤቶች ያጡትን የሚተካው የክፍለ ግዛቱ ካዝና እንደሆነ፣ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ሰው ደግሞ ከዚህ በቀጥታ እንደማይጠቀም ግን መጨመር ይገባል።

የቴክሳስ ሴናተር ደመወዝ በዓመት 7,200 ዶላር ብቻ ስለሆነ ሁሉም ማለት ይቻላል ሌላ የገቢ ምንጭ አላቸው። ለቴክሳስ የሥነ ምግባር ኮሚሽን የሚያቀርቡትን የግል ሀብት መግለጫና የምርጫ መዋጮ ዝርዝር ከምስክሮቹ ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ። የአንድ ድርጅት ስም በሁለቱም ላይ መገኘቱ ብቻውን ጥፋትን አያረጋግጥም፤ ተጨማሪ ጥያቄ ለመጠየቅ ግን በቂ ነው።

የውጤት ካርዶችና ከጸደቀ በኋላ ያለው

የወግ አጥባቂዎች ማኅበራት፣ የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች ለሴናተሮች ነጥብ ይሰጣሉ። ነጥቡን ከማመንዎ በፊት የተመረጡት ድምፆች የትኞቹ እንደሆኑ ይመልከቱ፤ ድርጅቱ ከብዙ መቶ ድምፆች ጥቂቱን መርጧልና። የራይስ ዩኒቨርሲቲው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ማርክ ጆንስ የሚያወጡት ደረጃ ድርጅት በመረጣቸው ጥቂት ድምፆች ላይ ሳይሆን በምክር ቤቱ በተመዘገቡት ድምፆች ስፋት ላይ ስለሚመሠረት ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ሴናተሮቹን እርስ በርስ የሚያነጻጽር እንጂ ሕጉ በጎ ወይም ክፉ መሆኑን የሚናገር አይደለም።

ረቂቁ ሁለቱን ምክር ቤቶች ስላለፈ ነገሩ አበቃ ማለትም አይደለም። በ2023 አገረ ገዥ ግሬግ አቦት ከ70 በላይ ረቂቆችን ውድቅ አድርገዋል፤ የብዙዎቹ ምክንያት የረቂቁ ይዘት ሳይሆን ሁለቱ ምክር ቤቶች በንብረት ግብር ላይ ገና አለመስማማታቸው ነበር። ሴናተርዎ በዚያ ዓመት ውድቅ የተደረገበት ረቂቅ ካለ፣ ደካማ ነበር ከማለትዎ በፊት የአገረ ገዥውን መግለጫ ያንብቡ። ፍርድ ቤቱንም ይከታተሉ፤ የ2017ቱ ኤስቢ 4 በይግባኝ ፍርድ ቤት በአብዛኛው ሲጸና፣ የ2023ቱ ግን በየካቲት 2024 በፌዴራል ዳኛ ታግዶ፣ በመጋቢት 19 ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ሥራ ላይ ውሎ በዚያው ቀን እንደገና ታግዶ ነበር።

ይህን ሁሉ ሲያነቡ ለእያንዳንዱ ረቂቅ አንድ ገጽ ይመድቡና የጉባኤውን ቁጥር፣ የሴናተሩን ድርሻ፣ የተለወጠውን ጽሑፍ፣ ድምፁንና ምክንያቱን፣ ወጪውንና የመጨረሻ ዕጣውን ይጻፉ። ያልገባዎትን ይዘው ወደ ሴናተሩ የወረዳ ቢሮ ይደውሉ፤ የረቂቁን ቁጥርና የቅጂውን ዓይነት ጠቅሶ የሚጠይቅ መራጭ ከተለመደው የምስጋና ደብዳቤ የተሻለ መልስ ያገኛል። የሚቀጥለው የቴክሳስ መደበኛ ጉባኤ በጥር 2027 ይከፈታል፤ ረቂቆች ግን ከኅዳሩ ምርጫ በኋላ ካለው የመጀመሪያ ሰኞ ጀምሮ መቅረብ ይጀምራሉ። በሕግ አውጪው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ሂሳብ ከፍተው የመረጧቸው ረቂቆች በተንቀሳቀሱ ቁጥር ኢሜይል እንዲደርስዎ ማድረግ ስለሚቻል፣ በዚያ ሰኞ የሴናተርዎን የመጀመሪያ ረቂቆች በመጀመሪያ ቅጂያቸው ያስቀምጡ፤ በኋላ ከሚመጡት ጋር የሚያመሳክሩት እነሱን ነው።